ዓይን ሲጓዝ ጆሮ ሲቀር

ምናባዊ እውነታ የሚባለው ቴክኖሎጂ ራስ ላይ በሚጠለቅ መነጽር አማካይነት ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ምስል እያሳየ፣ ተጠቃሚው በኮምፒውተር በተሠራ ዓለም ውስጥ የገባ ያህል እንዲሰማው ያደርጋል። ይኸው መነጽር ብዙ ሰዎችን እንደሚያቅለሸልሽ፣ ራሳቸውን እንደሚያዞርና ቀዝቃዛ ላብ እንደሚያስወጣ ከታወቀ ቆይቷል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የተጠቃሚው ድክመት ወይም የልምድ ማነስ ተደርጎ ቢወሰድም፣ አመጣጡ በቅርብ ሲመረመር ግን ተጠያቂው በአብዛኛው መሣሪያውን የሠራው፣ ከእርሱም ይበልጥ ፕሮግራሙን የነደፈው ባለሙያ ሆኖ ይገኛል።

የሰው ልጅ እንቅስቃሴውን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች የራስን መዞር ሲለኩ፣ በአጠገባቸው ያሉት ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶችን የተሸከሙ ሁለት ከረጢቶች ደግሞ የፍጥነት ለውጥንና የስበትን አቅጣጫ ለአንጎል ያሳውቃሉ። ከዓይን፣ ከጆሮና ከጡንቻ የሚመጣው መልእክት ሲስማማ ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል፤ ሲጣረስ ግን ሕመሙ ይጀምራል። ሪዘንና ብራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ያብራሩት ይህ ሐሳብ የስሜት ሕዋሳት ግጭት ንድፈ ሐሳብ በመባል ይታወቃል። በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚያነብ መንገደኛ ጆሮው ጉዞውን እያወቀ ዓይኑ የቆመ ገጽ ያያል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመነጽሩ ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው ግን ነገሩ ይገለበጥበታል፤ ዓይኑ ይጓዛል፣ ጆሮው ከቦታው አልተነሣም። የውስጠኛው ጆሯቸው የሚዛን ክፍል ሙሉ በሙሉ ሥራ ያቆመባቸው ሰዎች በጉዞ የማይታመሙ መሆናቸው የዚህን አካል ድርሻ ያሳያል።

ግጭቱ ለምን እስከ ማስመለስ ያደርሳል ለሚለው ጥያቄ ትሪስማን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 መልስ ለመስጠት ሞክሯል፤ አንጎል የስሜቶቹን መዛባት የመርዝ ምልክት አድርጎ ስለሚቆጥረው ሆድን ባዶ ለማድረግ ይጣደፋል ባይ ነው። መላምቱ ማራኪ ቢሆንም ለማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው።

ችግሩ ከዛሬዎቹ መነጽሮች እጅግ ቀድሞ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ የሄሊኮፕተር ማሰልጠኛ አስመሳይ መሣሪያ የተጠቀሙ አብራሪዎች መታመማቸው በጥናት ተዘግቧል፤ በ1993 ደግሞ ኬኔዲ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 16 ምልክቶችን የያዘ መጠይቅ አዘጋጅተዋል፤ እስከ ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሕመሙን መጠን የሚለኩት በእርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ተሻሽሏል። ተጠቃሚው ራሱን ባዞረበትና ምስሉ ተከትሎት በዞረበት ቅጽበት መካከል ያለው መዘግየት ከ20 ሚሊ ሰከንድ በታች መሆን እንዳለበት የዘርፉ ሰዎች ተስማምተዋል። ኦኩለስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ለፕሮግራም ሠሪዎች ያቀረበው የመጀመሪያ ሞዴል ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድስ የነበረ ሲሆን፣ በ2016 ለገበያ የቀረበው ግን ይህን ወደ 90 አሳድጎታል።

ስለ መነጽሩ ልክ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በአዋቂዎች ላይ በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆንም ከሰው ሰው ይለያያል፤ የመነጽሩ ሌንሶች ከዚህ ርቀት ጋር ካልተስማሙ ዓይን ይደክማል። ሴቶች በመነጽሩ ይበልጥ ይታመማሉ የሚለው የቆየ አስተያየት በተፈጥሯቸው ይመካኝ ነበር፤ ስታኒ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት ግን ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት የሌንሶቹ ርቀት ለብዙ ሴቶች ዓይን አለመመቸቱ እንደሆነ አመልክቷል። በሌላ አነጋገር ሲወቀስ የኖረው የመሣሪያው ልክ ሳይሆን ተጠቃሚዋ ነበረች።

ይሁንና የመሣሪያው ጥራት ምንም ያህል ቢጨምር፣ ፕሮግራሙ የተቀመጠን ሰው በምስል ብቻ የሚያስሮጥ ከሆነ ግጭቱ አይቀርም። ስለዚህ ነዳፊዎች የተለያየ መላ ዘየዱ፤ አንዳንዶቹ ተጠቃሚውን ከቦታ ወደ ቦታ በቅጽበት ያዘልላሉ፣ ሌሎቹ ሲንቀሳቀስ የምስሉን ዳር ዳር ያጨልማሉ፤ ይህ የኋለኛው ዘዴ ሕመሙን እንደሚቀንስ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራ ጥናት አሳይቷል። ማዘለሉ ሆድን ቢያሳርፍም አቅጣጫን ያሳጣል፣ በእግር የመሄድን ደስታም ይነፍጋል። ብልኅነቱ ጎልቶ የሚታየው ጉዞውን ጨርሶ በተወው ንድፍ ላይ ነው፤ ቢት ሴበር በተባለው ዝነኛ ጨዋታ ተጫዋቹ በቆመበት ሆኖ ወደ እርሱ የሚመጡትን ኩቦች በሙዚቃ ምት ይቆርጣል፣ ዓይኑም ጆሮውም አንድ ነገር ይናገራሉ። በአንጻሩ ለጀማሪ ሮለርኮስተር የተባለውን ሽቅብ ቁልቁል የሚወረወር የመዝናኛ ባቡር ጉዞ በመነጽሩ አስቀድሞ ማሳየት ቴክኖሎጂውን ገና በር ላይ ማስጠላት ነው።

አዲስ ተጠቃሚ መነጽሩን ከማጥለቁ በፊት የሌንሶቹን ርቀት በዓይኑ ልክ ቢያስተካክል፣ በአጫጭር ጊዜ ቢጀምርና የመጀመሪያው የማቅለሽለሽ ምልክት ሲሰማው ታግሶ ከመቀጠል ይልቅ ወዲያው ቢያወልቀው ይመረጣል። የሚዛን መዛባቱ መነጽሩ ከወለቀ በኋላም ሊቆይ ስለሚችል፣ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ መኪና መንዳት አይገባም።