ማማውን የሚያሳጣው መለኪያ

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አምቦ ለገባ ሰው፣ ከቤቶቹ ቆርቆሮ በላይ የሞባይል ማማዎች ይታዩታል። ጊንጪም ጉደርም እንዲሁ ነው። ማማ በተተከለበት ሁሉ «ጨረሩ አይጎዳንም?» የሚል ጥያቄ አብሮ ይተከላል። መልሱን ከአንዲት በእጅ ከምትያዝ መሣሪያ የሚጠብቁም አሉ።

መሣሪያዋ መዳፍ የምታህል ሣጥን ናት። ውስጧ ያለው ትንሽ አንቴና የሬዲዮ ሞገድ ይቀበላል፤ የተቀበለው ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥና ስክሪኗ ላይ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚያበሩም አሉ። ቀዩ በስንት ላይ እንደሚበራ የወሰነው ግን ብዙ ጊዜ አምራቹ ራሱ ነው።

ቁጥሩም እንደ አጻጻፉ ነው። «1 ቮልት በሜትር» የሚለው ልኬት በሌላ መስፈሪያ «2,650 ማይክሮዋት በካሬ ሜትር» ይሆናል። ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ያረጋጋል፣ ሁለተኛው ያስደነግጣል። አዮን ከማይፈጥር ጨረር ስለመጠበቅ መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ በ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ላይ ለሕዝብ ያስቀመጠው ጣሪያ 4.5 ሚሊዮን ማይክሮዋት በካሬ ሜትር ነው፤ ያውም የ30 ደቂቃ አማካይ ተወስዶ። በእጅ የሚያዙት ብዙዎቹ ደግሞ የሚያሳዩት የቅጽበቱን ከፍታ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የሁለተኛው ትውልድ ስልክ 2 ዋት የሚያወጣው በጊዜው አንድ ስምንተኛ ብቻ ስለሆነ አማካዩ ሩብ ዋት ነው።

ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። መሣሪያዋ የአምቦን ገበያ ከአጥር ውጭ ሆኖ እንደሚያዳምጥ ሰው ናት፤ ጫጫታው መብዛቱን ትሰማለች፣ ማን እንደጮኸ አትለይም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራውን በይፋ ከጀመረ ወዲህ በአገሪቱ ኦፕሬተሮቹ ሁለት ሆነዋል፤ የማንኛቸው ሞገድ እንደመጣ መናገር አትችልም። የጎረቤት ዋይፋይም ሆነ የኤፍኤም ሬዲዮ እዚያው ድምር ውስጥ ይገባል። ድግግሞሹ ከአቅሟ በላይ የሆነ ሞገድ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ላታየው ትችላለች፤ ያን ጊዜ ዜሮ ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

ለኪው ራሱም ልኬቱን ያበላሻል። ገላው ሞገዱን ይጋርዳል፣ ያንጸባርቃል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቀበል አንቴና የያዘ መለኪያ ትንሽ ዞር ሲል ቁጥሩ ይለወጣል። ርካሽ መለኪያ ከእውነተኛው መጠን ግማሹን ወይም እጥፉን ቢያሳይ አይገርምም።

ከሁሉ የሚያስቀው ኪስ ውስጥ የተረሳው ስልክ ነው። 20 ዋት የሚያወጣና ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ 50 እጥፍ የሚያጎላ የማማ አንቴና፣ 100 ሜትር ርቀት ላይ በግምት 8,000 ማይክሮዋት በካሬ ሜትር ያደርሳል። ከመለኪያዋ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆኖ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ የሁለተኛው ትውልድ ስልክ በዚያች ቅጽበት የሚሰጠው ከዚህ ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ስልኩ ባጠፋው ማማው ይከሰሳል።

ለዚህ ሥራ የተሠሩት የባለሙያ መሣሪያዎች ሞገዱን በየድግግሞሹ ይለያሉ፤ በሦስቱም አቅጣጫ የሚቀበል አንቴና አላቸው፣ በየጊዜውም ከመመዘኛ ጋር ይመሳከራሉ። ዋጋቸው ግን ለአንድ ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም።

ከከተማ ወጣ ባለ፣ ተራራ በጋረደው የምዕራብ ሸዋ መንደር ማማው ሩቅ ነው፤ ትንሿ ሣጥን አረንጓዴ ታበራለች። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የወጣው ሰው ጆሮ ላይ የተለጠፈው ስልክ ግን ያን ሩቅ ማማ ለመድረስ ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ ነው።