ልጁ የተማረውን ለምን ይረሳል?

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ያሉ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። «ልጄ ፊደል ለይቶ ነበር፤ አሁን ጠፍቶበታል። እንደገና ቢጀምር ይያዝለት ይሆን?» ይላሉ። ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምሥራቅ ጎጃምን ጨምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። ሁለተኛ ክፍል ሳለ ያቋረጠ ልጅ ቁመቱ አድጎ፣ ድምፁ ጎርንኖ ይመለሳል። እንግዲህ ከየት እንጀምርለት?

ስለ መርሳት በመጀመሪያ በጥንቃቄ ያጠና ሰው ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በቃሉ እያጠና የራሱን አእምሮ መረመረ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። አብዛኛው የተጠና ነገር የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ለእኛ ግን ከዚህ የሚበልጠው ሌላው ግኝቱ ነው። ፈጽሞ የጠፋ የመሰለውን እንደገና ሲያጠና ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ያዘው። ስለዚህ ያቋረጠው ልጅ ባዶ ሰሌዳ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ የፈጀበትን ትምህርት ለመመለስ እንደገና ሙሉ ዓመት አይፈጅበትም። በዕድሜው ብቻ አምስተኛ ክፍል ማስቀመጥ ግን ይጎዳዋል፤ ከታናናሾቹ ጋር አንደኛ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ማስቀመጥም ያሳፍረዋል። ፕራታም የተባለው የሕንድ ድርጅት ልጆችን በዕድሜ ሳይሆን በሚያነቡት መጠን ለይቶ ለጥቂት ጊዜ በማስተማር ያገኘው ጥሩ ውጤት በጥናት ተረጋግጧል። ፊደል የሚለይ፣ ቃል የሚያነብ፣ ዐረፍተ ነገር የሚያነብ ብሎ ለመለየት አንድ ወረቀትና ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ወደ አንጎል እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞሌዞን የተባለ አሜሪካዊ ከሚጥል በሽታ እንዲድን በቀዶ ሕክምና ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል በብዛት ተወሰደበት። የልጅነቱን ነገር ያስታውስ፣ በደንብ ይነጋገር ነበር። ነገር ግን አዲስ ሰው አስተዋውቀውት ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ሰውየውን እንዳየው እንኳ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ኖረ። ከእርሱ የተገኘው ትምህርት ለአሁን የምንይዝበትና ለዘለቄታው የምናኖርበት ቦታ የተለያዩ መሆናቸው ነው። በእኛ አገር አነጋገር አንዱ እፍኝ ነው፣ ሌላው ጎተራ።

እፍኙ ትንሽ ነው። አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ያህል አዲስ ነገር ሲሆን የልጅ እፍኝ ከዚያም ያንሳል። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ ማለትም 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቈጠሩ ማለት ነው። ገበታውን በሙሉ በአንድ ሳምንት ማስጮህ እፍኝን በጆንያ መሙላት ነው፤ ይፈስሳል። በቀን ሦስት ፊደል በቂ ነው። ነገር ግን ሦስቱ ወዲያው ልጁ በሚያውቀው ቃል ውስጥ ይግቡ፤ ለምሳሌ በ እና ሬ ተምሮ «በሬ» ይበል። አዲስ ነገር ጎተራ የሚገባው ቀድሞ ካለው ጋር ሲያያዝ ነው።

ብዙ ልጆች «ሀ ሁ ሂ» ብለው እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ፤ አንዷን ሆሄ ብቻዋን ስታሳዩአቸው ግን ይጠፋባቸዋል። የያዙት ዜማውን እንጂ መልኩን አይደለም። ይህን አባቶቻችን አስቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። በቤተ ክህነት ትምህርት ልጁ «ሀ ሁ» ብሎ ሲጨርስ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል፤ እርሱም «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ፊደሉን ከነድምፁ ያደባልቃል። በተለመደው ተራ የሚሸመድድ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። የዛሬ ተመራማሪዎችም ልምምድን ማደባለቅ፣ ለምሳሌ መደመርንና መቀነስን በአንድ ገጽ ቀላቅሎ መስጠት፣ ለጊዜው ቢያስቸግርም የተሻለ እንደሚቈይ አሳይተዋል። ለቢቸና የቅርብ ጎረቤት የሆነችው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት የታወቀች ናት። በዚያ ያለ የቅኔ ተማሪ መጽሐፍ ሲያገላብጥ አይውልም፤ ራሱ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ቆሞ ያሰማል። ከራሱ አውጥቶ መናገሩ ነው ትምህርቱ።

ይህን ነጥብ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ መርምረውታል። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ አራት ጊዜ አጠና፤ ሌላው አንድ ጊዜ አጥንቶ ሦስት ጊዜ ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያጠኑት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያጠኑት ከጽሑፉ ከመቶ 40 ሲያስታውሱ፣ እየጻፉ ራሳቸውን የፈተኑት 61 አስታወሱ። ከዚያ ወዲህ በአንደኛ ደረጃ ልጆችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ስለዚህ «ደብተርህን አንብብ» ከማለት «ደብተርህን ዘግተህ ንገረኝ» ማለት ይሻላል።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም ይህን ማድረግ ይችላሉ። ልጁ ከትምህርት ሲመለስ ቡና እየተፈላ ከሆነ፣ በአቦል ጊዜ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ይባል፤ በበረካ ጊዜ ያው ጥያቄ ይደገም። በማግስቱ አንድ ጊዜ፣ በገበያ ቀን ደግሞ አንድ ጊዜ ይጠየቅ። መሐሉ እየራቀ ሲሄድ ትውስታው ይጠነክራል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ፊደሉን በዱላ መሬት ላይ ጽፎ ለታናሹ ቢያስተምር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

እንቅልፍም ይታሰብበት። ጄንኪንስና ዳለንባክ እ.ኤ.አ. በ1924 እንዳሳዩት፣ አጥንቶ የተኛ ሰው አጥንቶ ነቅቶ ከዋለው ያነሰ ይረሳል። በቤተ ክህነት የቃል ትምህርት በምሽት መሰጠቱ በዚህ ረገድ መልካም ነበር።

ጥያቄው ግን ያለ አርጩሜ ይሁን። ፍርሃት ሲበረታ ሰውነት ኮርቲሶል የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም የሚያውቁትን እንኳ እንዳያስታውሱ ያደርጋል። ተኩስ ሰምቶ ያደረ ልጅ ጠዋት ፈዝዞ ቢቀመጥ ደነዝ ነው አይባልም። ቀላል ጥያቄ፣ የለመደው ዜማ፣ ከአጠገቡ የሚያውቀው ልጅ ይቅደሙለት።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ቃል ልጨምር። በየሥልጠናው «ሰው ከአንጎሉ የሚጠቀመው ከመቶ 10 ብቻ ነው»፣ «ይህ ልጅ በማየት ብቻ፣ ያኛው በመስማት ብቻ ይማራል» የሚባል ይሰማል። የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ስለ ሁለተኛውም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሰፊ ግምገማ ልጆችን እንዲህ ለይቶ ማስተማር እንደሚጠቅም በቂ ማስረጃ አላገኘም። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ ጠመኔና የልጆች ንባብ መጽሐፍ ቢገዛበት ይሻላል።

በመጨረሻም ጨው። አንጎል በሚገባ እንዲያድግ አዮዲን ያስፈልገዋል፤ ከሁሉ በላይ ልጁ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ። በደጋው አገራችን እንቅርት የበዛው አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው ነው። በኢትዮጵያ ከ6 እስከ 12 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከመቶ 40 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በ2003 ዓ.ም. የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ይሁን እንጂ ጨውን ፀሐይ ላይ ካሰጡት ወይም እርጥበት ካገኘው አዮዲኑ ይጠፋል። ስለዚህ እናቶች፣ በተለይም ነፍሰ ጡሮች፣ አዮዲን ያለበትን ጨው ገዝተው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፤ ወጡም ላይ ከምድጃ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት።