የባቡር ሐዲድ ተዳፋት አገላለጾችና ስሌታቸው

ከዋናው የባቡር መስመር ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ መጋዘን የሚገባ ቅርንጫፍ ሐዲድ ለማሠራት የሚዘጋጁ የዲዛይን ሰነዶች የሐዲዱን ተዳፋት በተለያየ መልክ ይገልጻሉ። አንዱ ሰነድ «1 ለ 40»፣ ሁለተኛው «25 በሺህ»፣ ሦስተኛው «2.5 በመቶ» ሊል ይችላል። ሦስቱም የሚያመለክቱት አንድ ዓይነት ተዳፋት ነው። ይህ ማብራሪያ ተገልጋዮች አንዱን አገላለጽ ወደ ሌላው ለውጠው ሰነዶቻቸውን እንዲያመሳክሩ ያግዛል።

ተዳፋት ማለት ሐዲዱ በተወሰነ አግድም ርቀት ላይ የሚወጣው ወይም የሚወርደው ከፍታ ነው። «1 ለ 40» ሲባል በየ40 ሜትሩ 1 ሜትር፣ «25 በሺህ» ሲባል ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 25 ሜትር ማለት ነው። የመጀመሪያው የብሪታንያ ልማድ ሲሆን፣ በፈረንሳይና በቻይና «በሺህ»፣ በአሜሪካ ደግሞ «በመቶ» የተለመደ ነው።

የስሌቱ ደንቦች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ከ«1 ለ» ወደ «በሺህ»፦ 1,000ን ለሁለተኛው ቁጥር ማካፈል። 1,000 ÷ 40 = 25። ከ«በሺህ» ወደ «1 ለ» ለመመለስም ስሌቱ ያው ነው፤ 1,000 ÷ 25 = 40።
2. ከ«በሺህ» ወደ «በመቶ»፦ ለ10 ማካፈል። 25 በሺህ 2.5 በመቶ ይሆናል።
3. ከ«በመቶ» ወደ ዲግሪ፦ በ0.573 ማባዛት። 2.5 በመቶ 1.43 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ አቋራጭ የሚሠራው እንደ ባቡር ሐዲድ ላለ አነስተኛ ተዳፋት ነው።

በተለይ ጥንቃቄ የሚያሻው «1 ለ 40»ን ከ«40 በሺህ» ጋር ማምታታት ነው። «1 ለ» በሚለው አገላለጽ ቁጥሩ ሲጨምር ተዳፋቱ ይቀንሳል፤ በ«በሺህ» ግን ይጨምራል። 40 በሺህ 1 ለ 25 ነው። በአቀበት ላይ እያንዳንዱ 1 በሺህ ለአንድ ቶን ክብደት 1 ኪሎ ግራም ያህል ተጨማሪ የመጎተት ኃይል ይጠይቃል። ስለሆነም 1,000 ቶን የሚመዝን ባቡር በ«1 ለ 40» 25 ቶን ያህል፣ በ«40 በሺህ» ግን 40 ቶን ያህል ወደ ኋላ ይሳባል። ስህተቱ ሎኮሞቲቩን ከአቀበቱ መሐል ሊያስቆመው፣ በቁልቁለትም ፍሬኑ ከሚችለው በላይ ሊያስገድደው ይችላል።

አማካይ ተዳፋትን ከከፍተኛው ተዳፋት መለየትም ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ይደርሳል፤ በአማካይ 3 በሺህ ገደማ ማለት ነው። ሆኖም መስመሩ ወደ አዋሽ ወርዶ እንደገና ስለሚወጣ፣ አማካዩ በየቦታው ያለውን አቀበትና ቁልቁለት አያሳይም። የሎኮሞቲቩን አቅምና የፉርጎዎቹን ብዛት የሚወስነው ከፍተኛው ተዳፋት ነው።

በመሆኑም ተገልጋዮች ሰነዳቸውን ከማቅረባቸው በፊት ከእያንዳንዱ የተዳፋት ቁጥር ጎን መለኪያው በግልጽ መጻፉን፣ አቀበት ወይም ቁልቁለት መሆኑም መጠቀሱን እንዲያረጋግጡ ይመከራል።