ከቤታችን የወጣው ዕቃ ወዴት ይሄዳል?

በእሑድ ጧት፥ ገና ከአልጋችን ሳንነሣ፥ «ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ የማይሰማ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። ዛሬ ከጣሳና ከጠርሙስ ጋራ የተሰበረ ሬዲዮ፥ የተቃጠለ ካውያ፥ ሥዕሉ የጠፋ ቴሌቪዥንና አሮጌ የእጅ ስልክ በዚያው ጆንያ ይገባሉ። እኛም ጥቂት ብር ተቀብለን ጓዳችን ስለ ጠራ ደስ ይለናል። ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ ግን አንጠይቅም።

ቆራሌው ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉት ባለ እጆች ሌላው የጣለውን ብረት ወደ ምድጃ ሲለውጡ ያየ ሰው፥ በከንቱ የሚጣል ነገር እንደሌለ ይማራል። ነገር ግን ኤሌክትሮኒክ ዕቃ እንደ ተራ ብረት አይደለም። በውስጡ መዳብና ጥቂት ወርቅ እንዳለ ሁሉ መርዝም አለበት። ጀርባው ትልቅ በሆነው በቀድሞው ቴሌቪዥን መስተዋት ውስጥ እርሳስ ይገኛል፤ በአሮጌ ማቀዝቀዣ ውስጥም የኦዞንን ሽፋን የሚጐዳ ጋዝ ሊኖር ይችላል። ዕቃው ሳይሰበር ሳለ ይህ መርዝ እንደ ታሰረ ነው፤ የሚፈታው በመዶሻና በእሳት ነው።

መዳቡን ለማውጣት ሽቦ ሲቃጠል ከፕላስቲኩ ዳይኦክሲን የሚባል ክፉ መርዝ ይወጣል። ጢሱ በሚያቃጥለው ልጅ ሳንባ ይገባል፤ አመዱም በአፈሩ ላይ ይቀራል። እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። እንግዲህ እኛ ጥቂት ብር ስንቀበል ዕዳውን የሚከፍለው ያ ልጅ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንደ ተባበሩት መንግሥታት ዘገባ፥ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን ያህል የኤሌክትሮኒክ ውዳቂ ተገኝቷል፤ በሥርዓት መሰብሰቡና ዳግመኛ ለጥቅም መዋሉ የተመዘገበው ግን ከመቶ 22 እጅ ያህሉ ነው። በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010ን አውጥቷል። ሆኖም ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ስለ ታተመ ብቻ አይሠራም፤ የሚያሠራው ሰው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አስቀድመን ዕቃውን ለጠጋኝ እናሳይ፤ የሚድነው በጊዜው ይድናል። የማይድነውን አንስበር፥ አናቃጥል፤ እንዳለ ሙሉውን ለመፍታት ፈቃድና መሣሪያ ላለው እናስረክብ። ያበጠ የስልክ ባትሪ ቢወጋ ወይም ቢጨፈለቅ እሳት ስለሚያነሣ ለብቻው ይቀመጥ። ከኮምፒዩተርና ከስልክ ውስጥም ደብዳቤያችንንና ፎቶግራፋችንን ፈጽመን እናጥፋ።

በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ አደራ አለባችሁ። በየግምጃ ቤቱ አቧራ የጠገቡ ኮምፒዩተሮች «ይወገዱ» የሚል ፊርማ ሲጠብቁ ዓመታት ያልፋሉ። ዛሬ ለአንድ ትምህርት ቤት ሊያገለግል የሚችለው፥ ነገ ለማንም የማይሆን ይሆናል። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፥ መዝገቡን ዛሬ ማንቀሳቀስ የእናንተ ፋንታ ነው።

በሚመጣው እሑድም ቆራሌው ሲጣራ፥ ከዋጋው በፊት «ወንድሜ፥ ይህን ለማን ታስረክበዋለህ?» ብለን እንጠይቀው።