በኔትወርክ የፋይል ሥርዓት ላይ መቆለፊያ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

በኔትወርክ የተያያዙ ሁለት የስሌት ማሽኖች የተጠናቀቁ ሙከራዎችን ብዛት በአንድ የጋራ ፋይል ይመዘግባሉ እንበል። ቁጥሩ 41 ላይ ደርሷል። እያንዳንዱ ማሽን አንድ ሙከራ በፈጸመ ጊዜ ፋይሉን ያነባል፣ አንድ ይደምራል፣ መልሶ ይጽፋል። ፕሮግራሙን ያዘጋጀው ተመራማሪ ግድየለሽ አይደለም፤ ከማንበቡ በፊት ለዚሁ ተግባር የተመደበ ሌላ ባዶ ፋይል እንዲቆለፍ፣ ከተጻፈ በኋላም መቆለፊያው እንዲለቀቅ አድርጓል። የቁጥሩን ፋይል ግን ሁለቱም ማሽኖች ከጅምሩ ከፍተው እንደያዙት ይሠራሉ። ተራ መጠበቁ በትክክል ይፈጸማል፤ ሆኖም ሁለቱም 42 ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። አንድ ሙከራ ከመዝገብ ይጠፋል፤ የስሕተት መልእክት አይወጣም።

የችግሩ ምንጭ በሥርዓቱ አሠራር ውስጥ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያበጀው ኤን.ኤፍ.ኤስ. በኔትወርክ መመላለስን ለመቀነስ ሲባል ክላየንቱ ያነበበውን በራሱ ካሽ፣ ማለትም በጊዜያዊ ማከማቻው፣ እንዲያቆይ ይፈቅዳል። በ2ኛውና በ3ኛው ስሪት ሰርቨሩ የትኛው ክላየንት የትኛውን ፋይል እንደከፈተ አይመዘግብም። ይህም ሰርቨሩ ወድቆ ሲነሣ ሥራውን ያቀልለታል፤ ነገር ግን ፋይሉ መለወጡን ለማን እንደሚነግር አያውቅም። ስለዚህ መጠየቅ የክላየንቱ ድርሻ ነው። ፋይል ሲከፈት ክላየንቱ የመጨረሻውን የለውጥ ሰዓት ከሰርቨሩ ያረጋግጣል፤ ሲዘጋ ደግሞ ያልተላከ ጽሑፍ ካለ ይልካል። በመክፈትና በመዝጋት መካከል ያለው ጊዜ ልቅ ነው ማለት ይቻላል። በሊኑክስ፣ በተለመደው አቀማመጥ፣ ክላየንቱ አንዴ ባገኘው የፋይል መረጃ ከ3 እስከ 60 ሰከንድ ሳይጠይቅ ሊተማመን ይችላል።

መቆለፊያ ይህን ክፍተት የሚዘጋው በሁለት መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ግን አንደኛው ብቻ ነው። የታወቀው ሌላውን ማስጠበቁ ነው። ሁለተኛው፣ የሊኑክስ ክላየንት አንድን ፋይል ሲቆልፍ በካሽ የያዘው ቅጂ ወቅታዊ መሆኑን ዳግመኛ ማረጋገጡ፣ ሲለቅም የጻፈውን አስቀድሞ ወደ ሰርቨሩ መላኩ ነው። ይህ የሚፈጸመው ለተቆለፈው ፋይል ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የታደሰው የባዶው ፋይል ቅጂ ነበር፤ የቁጥሩን ፋይል የነካ የለም። የመጀመሪያው ማሽን የጻፈው 42 ገና በራሱ ማኅደረ ትውስታ ሊሆን ይችላል፤ ደርሶ ቢሆን እንኳ ሁለተኛው ቀድሞ የያዘውን 41 ያነባል።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ የቁጥሩን ፋይል ራሱን መቆለፍ፣ ወይም ባዶውን ፋይል ከቆለፉ በኋላ የቁጥሩን ፋይል መክፈትና መቆለፊያው ከመለቀቁ በፊት መዝጋት። በአንድ ማሽን ዲስክ ላይ እንከን ያልታየበት ፕሮግራም ወደ ጋራ ማከማቻ ሲዛወር የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የማከማቻው አያያዝም መጣራት አለበት። «ኖሎክ» በተሰኘው አማራጭ በተያያዘ ማከማቻ ላይ መቆለፊያው ከዚያው ማሽን አይወጣም፤ ሁለቱም ማሽኖች መቆለፋቸው ተሳክቶ በአንድ ጊዜ ይገባሉ። «ኤፍሎክ» የተባለው ጥሪም ከሊኑክስ ከርነል 2.6.12 በፊት እንዲሁ ነበር።

በ4ኛው ስሪት መቆለፍ የፕሮቶኮሉ አካል ሆኗል፤ መቆለፊያውም በጊዜ የተገደበ ኪራይ ነው፤ በሊኑክስ ሰርቨር የተለመደው ገደብ 90 ሰከንድ ነው። ኔትወርኩ ከዚያ በላይ ከተቋረጠ ሰርቨሩ መቆለፊያውን ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። የቀድሞው ባለ መቆለፊያ ይህን የሚያውቀው ግንኙነቱ ሲመለስ ነው፤ ከርነል 3.12 ወዲህ የሊኑክስ ክላየንት የጠፋውን መቆለፊያ በዝምታ ከማስመለስ ይልቅ በዚያ ፋይል ላይ ለሚደረግ ንባብና ጽሕፈት ስሕተት ይመልሳል። የጽሕፈትን ውጤት የማይፈትሽ ፕሮግራም ግን ይህንንም አልፎት ይሄዳል።