የታኅሣሥ ግርግርና የዘውዱ መጨረሻ

መፈንቅለ መንግሥት ማለት በሥልጣን ላይ ያለን መንግሥት ሕግ ከሚያዘው ውጭ፣ በድንገትና በኃይል ገልብጦ ቦታውን መያዝ ነው። አብዮት ሕዝብ ከታች ተነሥቶ የሚያካሂደው ነው፤ መፈንቅለ መንግሥት ግን ለሥልጣን ቅርብ የሆኑ ጥቂት ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ የጦር መኮንኖች፣ በምስጢር መክረው የሚፈጽሙት ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ ሬዲዮ ጣቢያው፣ የስልክ ማዞሪያውና ሚኒስትሮቹ በአንድ ሌሊት ከተያዙ አገሩ በሙሉ እንደተያዘ ይቆጠራል። በኢትዮጵያ የዘውድ ዘመን ዘመናዊ ጦር የሞከረው የመጀመሪያው መፈንቅለ መንግሥት በ1953 ዓ.ም. የተካሄደውና ሕዝቡ «የታኅሣሥ ግርግር» የሚለው ነው። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። ይሁን እንጂ 14 ዓመት ሳይሞላ ዘውዱ ራሱ በወታደር እጅ ወደቀ።

ዙፋንና ጎጃም

ዙፋን በኃይል መቀየሩ ለኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ከሊቀ ጳጳሱ ከአቡነ ማቴዎስ ጋር ሆነው ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ጉዳዩ የተቋጨው ግን ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር ሲያመልጡ የጎጃሙ ገዢ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እጃቸው አለበት ተብለው ታሰሩ። ግዛታቸው ተወስዶ ለራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሰጠ።

ጎጃም ለዚህ ዙፋን ባለውለታ ነበር። የጣሊያን ወረራ ካስከተለው የአምስት ዓመት ስደት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ወደ አገራቸው የገቡት በምዕራብ ጎጃም ጠረፍ በኦሜድላ በኩል ነው። ጉዞው በበረሃው አልፎ ወደ በላያ ተራራ፣ ከዚያም ወደ አገው ምድር ደጋ ወጣ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ጣሊያኖች ዳንግላን ለቀው ወደ ባሕር ዳር አፈገፈጉ። መንገዱን የከፈቱት አምስቱን ዓመት ሙሉ በየጫካው ሲዋጉ የቆዩት የጎጃም አርበኞች ናቸው።

ከድሉ በኋላ ግን ከእነዚህ አርበኞች መካከል ቅር የተሰኙ ነበሩ። ስመ ጥሩው አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው ከታሰሩ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃሙ ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ የሆኑት ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ ንጉሠ ነገሥቱን ገድሎ ሪፐብሊክ ለማቋቋም አሢረዋል ተብለው ከግብረ አበሮቻቸው ጋር ተያዙ። ቅሬታ በሕግና በምክር ቤት የሚሰማበት መንገድ ስላልነበረ፣ የከፋው ሰው ያለው ምርጫ ዝም ማለት ወይም ማሤር ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሕዝብ የሚመረጥ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ቢፈቅድም ሚኒስትሮችን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል አልነበረም።

ሁለቱ ወንድማማቾች

የታኅሣሡ ሙከራ መሪዎች የክቡር ዘበኛ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ታናሽ ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ነበሩ። ክቡር ዘበኛ ንጉሠ ነገሥቱን እንዲጠብቅ የተመረጠ፣ በኮሪያ ዘማችነቱም ስም ያተረፈ ጦር ነው። የሐሳቡ አመንጪ ግን ግርማሜ እንደነበሩ ይታመናል። በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረዋል፤ በኮሎምቢያ የጻፉት የመመረቂያ ጥናት በኬንያ የነጮች የመሬት ሰፈራ ስላስከተለው ጉዳት ነበር። ተመልሰው በዚያን ጊዜ ወላሞ ይባል በነበረው በወላይታ ሲሾሙ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ለማደል ሞከሩ። ባለ መሬቶቹ አቤት አሉ፤ ግርማሜም ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። አንድ ገዢ የፈለገውን ያህል ቅን ቢሆን፣ ሥርዓቱ ካልተለወጠ የትም እንደማይደርስ ያመኑት ከዚህ በኋላ ነው። የጸጥታው ኃላፊ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁና የፖሊስ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡም አብረዋቸው ተሰለፉ።

ዘመኑም ለለውጥ የሚገፋ ነበር። በፈረንጆቹ 1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን አወጁ። በረጅም ዘመን ነፃነቷ የምትኮራው ኢትዮጵያ በትምህርት፣ በጤናና በፋብሪካ ከእነዚህ ወደ ኋላ ትቀር ይሆን የሚለው ሥጋት የተማሩትን ወጣቶች እንቅልፍ ነስቶ ነበር።

አረንጓዴው ሳሎን

ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ነበሩ። ታኅሣሥ 4 ቀን ማታ ለሚኒስትሮቹና ለመሳፍንቱ በየቤታቸው እቴጌ መነን በጠና ታመዋልና ድረሱ የሚል ጥሪ ደረሳቸው። ለእቴጌይቱ የሠጉት ባለሥልጣናት እየተጣደፉ ሲመጡ አንድ በአንድ ተያዙ። በማግስቱ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በሬዲዮ መግለጫ አነበቡ። መግለጫው የሕዝቡን ድህነትና ኋላ ቀርነት ዘርዝሮ፣ አዲስ መንግሥት መቋቋሙንና አልጋ ወራሹም በደሞዝ እንደሚያገለግሉ አስታወቀ። ራስ እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ ደግሞ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ተባሉ። ታኅሣሥ 6 ቀን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ሰላማዊ ሰልፍ ወጥተው ድጋፋቸውን ገለጡ።

ዐማፅያኑ ግን ዋና ዋናዎቹን የጦር አዛዦች አልያዙም ነበር። ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ደጃዝማች አሥራተ ካሣ በምድር ጦር ሠፈር ተሰብስበው ታማኝ ጦር ማስተባበር ጀመሩ። አየር ኃይሉም ከዘውዱ ጎን ቆመ። ሁለቱ ወገኖች በሽምግልና ሲነጋገሩ የባከነው ጊዜ ለዐማፅያኑ ጉዳት፣ ለታማኞቹ ጥቅም ሆነ፤ ከውጭ ጦርና ታንክ ለማስገባት ፋታ አገኙ። ከአውሮፕላን ወረቀት በከተማው ላይ ተበተነ። በወረቀቱ ላይ የነበረው የፓትርያርኩ የአቡነ ባስልዮስ ቃል ሲሆን፣ ዐማፅያኑን የተከተለ ሁሉ የተወገዘ እንደሆነ ይናገራል። በቤተ ክርስቲያን ቃል ለሚኖር ሕዝብ ይህ ወረቀት ከመድፍ የበለጠ ክብደት ነበረው።

ታኅሣሥ 6 ቀን ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተከፈተ። በማግስቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በታማኙ ጦር ተከበበ። ሽንፈት መምጣቱን ያዩት መሪዎች በምድር ቤቱ አረንጓዴ ሳሎን ታግተው በነበሩት ባለሥልጣናት ላይ መትረየስ አዘነቡ። 15 ያህል ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ራስ ሥዩም መንገሻ፣ በአርበኝነታቸው የሚታወቁት ራስ አበበ አረጋይና አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ይገኙበታል። ዐማፅያኑ ራሳቸው ከሁለት ቀን በፊት ኤታማዦር ሹም ያሏቸው ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም ከሞት አልዳኑም። በየመንገዱም በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችና ሰላማዊ ሰዎች አለቁ።

ንጉሠ ነገሥቱ በአሥመራ በኩል ታኅሣሥ 8 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ጄኔራል ጽጌና ኮሎኔል ወርቅነህ ሞተዋል። ወንድማማቾቹ ሸሽተው ለጥቂት ቀናት ቢሰወሩም ታኅሣሥ 15 ቀን ተደረሰባቸው። ግርማሜ ሞቱ፤ ጄኔራል መንግሥቱ ቆስለው ተያዙ። ፍርድ ቤት ቀርበው የሞት ቅጣት ተፈረደባቸውና መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ።

ለምን ከሸፈ?

የመጀመሪያው ምክንያት ወታደራዊ ነው። ክቡር ዘበኛ ብቻውን ተነሣ፤ ምድር ጦርና አየር ኃይል በሌላ ወገን ቆሙ። የመንግሥቱን ኃይል የሚይዙት ሁሉ ካልተባበሩ ወይም ካልተገቱ መፈንቅለ መንግሥት አይሳካም። ሁለተኛው፣ ብዙዎቹ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ጌታቸውን ለመገልበጥ እንደወጡ አልተነገራቸውም ነበር፤ ነገሩ ሲገባቸው ልባቸው ከዳ። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ሙከራው የተደረገው በሕዝብ ስም ቢሆንም ሕዝቡ አላወቀውም። መሬት ሊያድሉት የፈለጉት ገበሬ በጎጃምም፣ በወላይታም፣ በወሎም ወሬውን የሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ታጋቾችን መግደላቸው ደግሞ ለቅን ዓላማ ያዘነላቸውን ሰው ጭምር አሸሸባቸው።

ከግርግሩ እስከ መስከረም 2

ግርግሩ ቢከሽፍም የነበረው እንደነበረ አልተመለሰም። ዙፋን ሊነካ እንደሚችል ሁሉም አይቷል። ዙፋኑን ያዳነው ምድር ጦርም ዋጋውን አውቆ ብዙም ሳይቆይ የደሞዝ ጭማሪ ጠየቀና አገኘ። ንጉሠ ነገሥቱ ደም የፈሰሰበትን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡ፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመበት። ከዚያው ግቢ የወጡት ተማሪዎች የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጡ።

ግርማሜ ያነሡት የመሬት ጥያቄ መልስ አላገኘም። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ጎጃምን አስነሣ። ገበሬው መሬቱ ሲለካ ርስቱ ይነጠቃል ብሎ ሠጋ፤ ለካቾችን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሥተው ውዝፍ ግብሩ ተማረ። በግብሩ ጉዳይ መንግሥት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ለጥያቄው መነሻ የሆነው ሥርዓት ግን አልተነካም።

የመጨረሻው ንቅናቄ የጀመረው በውኃ ጉዳይ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ምግቡ የማይበላ፣ የሚጠጣው ውኃ የቆሸሸ ሆነበት። የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ነገሩን ለማጣራት የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ያዙና የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም እንዲጠጡ አደረጓቸው። ዐመፁ ወደ ደብረ ዘይትና ወደ አሥመራ ተዛመተ። በየካቲት የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ። ሰኔ 21 ቀን ከየጦር ክፍሉ የተውጣጡ ከ100 የሚበልጡ አባላት ያሉት ደርግ ተቋቋመ። በሐምሌ የተሾሙት የዘውዱ የመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ሚካኤል እምሩ በ1953 ዓ.ም. ዐማፅያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ያሏቸው የራስ እምሩ ልጅ ነበሩ።

ደርግ ከታኅሣሥ ዐማፅያን በተለየ መንገድ ሄደ። በአንድ ሌሊት አልተነሣም፤ ባለሥልጣናቱን እያሰረ፣ የዘውዱን መሥሪያ ቤቶች አንድ በአንድ እያፈረሰ ቆየ። በዘመን መለወጫ ማታ የወሎን ረሃብ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ የሚያሳይ ፊልም በቴሌቪዥን አቀረበ። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። ያለ ደም የተጀመረው ለውጥ ግን ኅዳር 14 ቀን 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ሲገደሉ በደም ተነከረ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ዘውዱ በዐዋጅ ተሻረ።

ሌላው መንግሥትና ሌላው መንገድ

በደቡብ ምሥራቅ እስያ የምትገኘው ታይላንድ ለንጽጽር ትጠቅማለች። እርሷም እንደ ኢትዮጵያ በቅኝ ያልተገዛች የንጉሥ አገር ናት። በፈረንጆቹ 1932 በውጭ አገር የተማሩ መኮንኖችና ሲቪሎች ተነሥተው የንጉሡን ፍጹም ሥልጣን በሕገ መንግሥት ገደቡ፤ ንጉሡ ተስማሙና ዘውዱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከ10 በላይ መፈንቅለ መንግሥታት ተሳክተዋል፤ በፈረንጆቹ 2014 እንኳ ጦሩ የተመረጠውን መንግሥት አውርዷል። በየጊዜው ገልባጩ መኮንን የንጉሡን ይሁንታ ይጠይቃል። እዚያ ዘውዱ የተረፈው ሥልጣኑን ስላካፈለ ነው። አገሪቱ ግን እስከዛሬ ጦሩ ወደ ሠፈሩ የሚመለስበትን ጽኑ ሕግ አላገኘችም። በኢትዮጵያ ዘውዱ ሥልጣኑን በጊዜው ስላላካፈለ ሁሉንም አጣ።

በጠመንጃ የመጣው ደርግም በጠመንጃ ተፈተነ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የአገሪቱ መሪ ምሥራቅ ጀርመን በነበሩበት ዕለት ጄኔራሎቻቸው ተነሡባቸው። እንደ 1953ቱ ሁሉ ይህም መሪው ባሕር ማዶ ሳሉ የተደረገ፣ ጊዜ ያባከነና የከሸፈ ሙከራ ነበር። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ፤ በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። አገሪቱ ብዙ ወጪና ዘመን ያፈሰሰችባቸውን የጦር አዋቂዎች በጦርነት መካከል አጣች።

ከ1909 እስከ 1981 ዓ.ም. የሆነው ሁሉ አንድ ነገር ያረጋግጣል። መንግሥት በሰላም የሚተችበትና የሚለወጥበት በር ከተዘጋ፣ ጥያቄው በጠመንጃ በኩል ይመጣል፤ በጠመንጃ የመጣ ደግሞ ራሱ በሩን ይዘጋል። የታኅሣሥ ሟቾች፣ ገዳዮቹም ተገዳዮቹም፣ የአንድ አገር ልጆች ነበሩ። አብዛኞቹም አገራቸውን ይወዱ ነበር። ዛሬ ገነተ ልዑል በስድስት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሆኖ ይገኛል። ወደዚያ የሚገባ ሁሉ በዚያ ቤት የፈሰሰውን ደም ያስብ፤ ለልጆቹም በሰላም የሚለወጥ መንግሥት ለማውረስ የድርሻውን ይወጣ።