ሎርድ ሻፍትስበሪ፦ ለጉልበት ሠራተኛ ሕፃናት የቆመው ባላባት

በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ የመስፍን ወገን ለሆነ ወጣት የፓርላማ በር ክፍት ነበር። አንቶኒ አሽሊ ኩፐርም እ.ኤ.አ. በ1826፣ በ25 ዓመቱ የዉድስቶክ ተመራጭ ሆኖ ሲገባ ወንበሩ በእናቱ ወገኖች፣ በማርልቦሮ መሳፍንት እጅ ነበር። በሃሮውና በኦክስፎርድ ተምሯል፤ ኋላም የአባቱን የሻፍትስበሪ ኧርልነት ማዕረግ ይወርሳል። በልጅነቱ ግን ከወላጆቹ ፍቅር አላገኘም። ጸሎት ያስተማረችውና ያቀፈችው የቤቱ ሠራተኛ ማሪያ ሚሊስ ነበረች። ስትሞት የተወችለትን ሰዓት ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ኖሯል።

ያን ጊዜ በጥጥ ፋብሪካዎች ሕፃናት በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ይሠሩ ነበር። የሥራ ሰዓት እንዲቀነስ ይሟገት የነበረው ማይክል ሳድለር በ1832 ምርጫ ሲሸነፍ ጉዳዩን አሽሊ ተረከበ። በቀጣዩ ዓመት ያቀረበው የአሥር ሰዓት የሥራ ቀን ረቂቅ ሕግ ወደቀ፤ ሆኖም ግፊቱ መንግሥት የራሱን ሕግ እንዲያወጣ አስገደደው። በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ተከለከለ፤ ይህንን የሚከታተሉ አራት ተቆጣጣሪዎችም ተሾሙ።

በ1842 ደግሞ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች ምስጢር ወጣ። በአንድ አጣሪ ኮሚሽን ዘገባ ላይ የታተሙት ሥዕሎች ወገባቸው በሰንሰለት ታስሮ በእንብርክክ ጋሪ የሚጎትቱ ልጆችን አሳዩ። ጨለማ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው የአየር መተላለፊያ በር የሚከፍቱና የሚዘጉ ሕፃናትም ነበሩ። አሽሊ ባቀረበው ሕግ ሴቶች፣ ልጃገረዶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ታገደ።

የአሥር ሰዓቱ ሕግ በ1847 ሲጸድቅ ግን እሱ ፓርላማ ውስጥ አልነበረም። ከዉድስቶክ በኋላ ይወክላቸው የነበሩት የዶርሴት መራጮች በእህል ንግድ ላይ የተጣለውን ቀረጥ እንዲጠብቅላቸው ልከውት ነበር፤ እሱ ሐሳቡን ስለቀየረ በ1846 ወንበሩን በፈቃዱ ለቀቀ። ረቂቁን ከዳር ያደረሰው የፋብሪካ ባለቤቱ ጆን ፊልደን ነው።

አባቱ በ1851 ሲሞት ኧርል ሆኖ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ተዛወረ። ከማዕረጉ ጋር የወረሰው ዕዳና የተጎሳቆሉ የገበሬ ጎጆዎችን ነበር፤ ጎጆዎቹን ለማደስ የቤተሰቡን ሥዕሎች እስከ መሸጥ ደርሷል። ከ1845 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱም የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎችን የሚቆጣጠረውን ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት መርቷል።

ጽናቱ ከሁሉ በላይ የተፈተነው በጭስ ማውጫ ጠራጊ ልጆች ጉዳይ ነው። ጠባቡን ጭስ ማውጫ እየቧጠጡ እንዲወጡ ጉልበታቸውና ክርናቸው በጨው ውኃ እየታሸ ይጠነክር ነበር። የ1840ው ሕግ ከለከለ፤ ሰሚ አላገኘም። የ1864ቱ ቅጣቱን አከበደ፤ እሱም አልሠራም። በ1875 አንድ ልጅ ጭስ ማውጫ ውስጥ ገብቶ ከሞተ በኋላ ግን ጠራጊዎች ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ክልከላው የሥራ ፈቃድ ከማጣት ጋር ሲታሰር ልጆቹ ዳኑ።

ሻፍትስበሪ ዴሞክራት አልነበረም፤ በ1867 የመምረጥ መብት ወደ ሠራተኛው ሲሰፋ ተቃውሟል። ከአገራችን ታሪክም ጋር የሚያገናኘው ክር አለ፦ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሩትን ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርንን ወደ ቤተ እስራኤል የላከው የለንደን ማኅበር ፕሬዚዳንት እሱ ነበር።

በ1885 ሲሞት የቀብር ጸሎቱ በዌስትሚንስተር አቢ ተደረሰ፤ አስከሬኑ ግን በፈቃዱ መሠረት በዶርሴት መንደሩ አረፈ። መታሰቢያው፣ ባለ ክንፉ ሐውልት፣ በ1893 በለንደን ፒካዲሊ ሰርከስ ቆመ። የሕይወቱ ትምህርት ለሕግ አውጪ ሁሉ ነው፦ ሕፃንን የሚጠብቅ ሕግ ማጽደቅ ግማሽ ሥራ ነው፤ ተቆጣጣሪ ካልተሾመለት፣ ያወጣውም ሰው ተመልሶ ካልጠየቀው፣ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።